ሊፍት አለው

የምሠራው ለገሀር አካባቢ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ የሰው ሃብት ክፍል ውስጥ ነው። የጤና ኢንሹራንስ ጉዳይ የኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው። በየዓመቱ ውሉ ሲታደስ ሁለት ገጽ ዝርዝር ይመጣል፤ ከኢንሹራንሱ ጋር ስምምነት ያላቸው ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች። ሠራተኛው ከዚያ ውስጥ አንዱን ይመርጣል። ሲያመው መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፉለታል። ያለ ሪፈር ስፔሻሊስት ጋ ሄዶ ደረሰኝ ይዞ የሚመጣ ሰው ከኔ ጋር ነው የሚጣላው፤ ኢንሹራንሱ አይከፍልማ።

ሰዉ እንዴት እንደሚመርጥ ታውቃላችሁ? በፎቅ ብዛት። የሒሳብ ክፍሉን ልጅ "ይሄኛውን ለምን መረጥከው?" ብለው "ሊፍት አለው" አለኝ። ስቄ አለፍኩ። በዚያው ቀን እኔም ያንኑ ሠራሁ።

የንብረት ክፍሉ ጋሼ ቅጹን ይዘው መጡ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው። "ልጄ፣ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ፤ አንቺው የሚሻለውን ሙዪልኝ" አሉኝ። ግፊት እንዳለባቸው አውቃለሁ። ትልቁን፣ ስሙ የገነነውን ሆስፒታል ሞላሁላቸው። የዋልኩላቸው ውለታ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ለክትትል በሄዱ ቁጥር የሚያዩት በዕለቱ ተረኛ የሆነውን ሐኪም ነው። ካርዱ አንድ፣ ሐኪሙ ሌላ። አንድ ሰሞን የጫማቸውን ማሰሪያ ፈትተው መሄድ ጀመሩ። "እግሬ በዚህ ዕድሜዬ እያደገ ነው" ይሉ ነበር፤ ቢሮው ሁሉ ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የፕሪንተር ወረቀት አለቀብኝና ጋሼ ሊያወርዱልኝ መሰላል ላይ ወጡ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆም አሉ። መደርደሪያውን ይዘው ቀስ ብለው ተንሸራተቱና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው በላብ ተጠምቋል። ትልቁ ሆስፒታል ከተማውን አቋርጦ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ መንገዱ ዝግ ነው። የጽዳት ሠራተኛችን "ከኋላችን ያለው ክሊኒክስ?" አለች። ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለች፣ ሦስት ክፍል የማትሞላ ክሊኒክ ናት። ለካ ዝርዝሩ ላይ አለች። ሊፍት የላትም እንጂ። ደግፈን በደረጃ አወጣናቸው።

ግፊታቸው ሲለካ ዝቅ ብሎ 90 በ55 ሆነ። ዶክተሩ ጠና ያሉ ጠቅላላ ሐኪም ናቸው። "የሚወስዱትን መድኃኒት ያሳዩኝ" አሉ። ጋሼ ከኮታቸው ኪስ የተጠቀለለች ፌስታል አወጡ። ውስጧ ሁለት ፓኮ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ስማቸውም ለየቅል። ዶክተሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፓኮዎቹን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። ከትልቁ የፋብሪካ ስም ሥር ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ነበር የሚያነቡት። አምሎዲፒን፣ 10 ሚሊ ግራም። ሁለተኛውም አምሎዲፒን፣ 10 ሚሊ ግራም።

"ሁለቱንም ነው የሚውጡት?"

"አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ። ይኼን ያቺ ልጅ ናት ያዘዘችልኝ፤ ይኼኛውን ሌላው።"

የዚህ የግፊት መድኃኒት የቀን ጣሪያ 10 ሚሊ ግራም ነው። ጋሼ 20 ሲውጡ ከርመዋል። ዶክተሩ የጋሼን ካልሲ ዝቅ አድርገው ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣት ተጫኑት። ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። እግር ማሳበጥ የታወቀ የአምሎዲፒን ባሕርይ ነው፤ መጠኑ ሲጨምር ይብሳል። እኛ ስንስቅበት የነበረው ጫማ ይኼው ነበር።

ዕረፍት ሲጻፍላቸው ጋሼ የደነገጡት ስለ ደመወዛቸው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ነው፤ ግማሽ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ነው። ይህን ስነግራቸው ተረጋጉ። ኢንሹራንሱ ግን ክሊኒክ በዓመቱ መሃል አይቀየርም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ደወልኩ፣ ሄጄ ደጅ ጠናሁ። በሦስተኛው ሳምንት ተቀየረላቸው።

ዘንድሮ ዝርዝሩ ሲመጣ በምሳ ሰዓት ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ በእግሬ ዞርኩ። ካርድ ክፍል እየገባሁ "ጠቅላላ ሐኪማችሁ በየትኞቹ ቀናት ነው የሚገቡት? ሁልጊዜ አንድ ሰው ናቸው?" እላለሁ። አንዷ "እህቴ፣ ሊያገቧቸው ነው?" አለችኝ። መልሱን በእርሳስ ዝርዝሩ ጠርዝ ላይ ጻፍኩ፦ "ያው ዶክተር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ"፣ "ላብራቶሪ 10 ሰዓት ይዘጋል"፣ "እሑድ ዝግ"። ጀሞና አያት የሚኖሩትን ደግሞ ልጅ ሌሊት የሚያተኩሰው ቢሮ ሳይሆን ቤት ነው እያልኩ ወደ ሰፈራቸው እንዲመርጡ እጨቀጭቃለሁ። የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ዘንድሮም ሊፍቱን መረጠ።

ጋሼ ቅጹን ራሳቸው ሞሉት። መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው፣ ቀስ ብለው። ሲያስረክቡኝ አየሁት፤ ከክሊኒኩ ስም አጠገብ የዶክተሩን ስም ጽፈዋል። ቅጹ ላይ ለሐኪም ስም የሚሆን ቦታ የለም። ጠርዙ ላይ ነው ያሰፈሩት።