ሻንጣው ሲወርድ

ዛሬ ማታ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረድኩት። ባለቤቴ ጉንፋን ይዟት ተኝታለች፣ ወፍራሙ ብርድ ልብስ ያለው እሱ ውስጥ ነው። (ሻንጣችን ከተጓዘበት ቀን ብርድ ልብስ የያዘበት ቀን ይበልጣል።) ትንሿ አየችውና በቃ፣ ቤቱ ተናወጠ። "የት ልንሄድ ነው?" "የትም" ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን "እስቲ እናያለን" ነው።

ትልቁ "እስቲ እናያለን" ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ከሁሉም የከፋችኝ ያቺ አስተያየት ናት።

ሲተኙ ካልኩሌተር ይዤ ሳሎን ቁጭ አልኩ። ዘንድሮ እጅ አጥሮን ነው የከረምነው። የአራት ሰው ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ ውጭ የሚበላው። ድምሩን ሳየው ሳቄ መጣ። አምስቱን ቀን ሦስት አደረግኩት፣ ከዚያ አንድ አዳር፣ በመጨረሻ ጠዋት ምሳ ቋጥረን ወጥተን ማታ ቤታችን ገብተን መተኛት ላይ ደረስኩ። እሱ እንኳን ይቻላል። ወገብ የሚቆርጠው ማደሪያው ነው። ሰው በማይሄድበት ወቅት ሂዱ፣ ያኔ ይረክሳል ይላሉ አዋቂዎቹ። እውነት ነው፣ ግን የኔ ልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋው የሁሉም ልጆች ሲዘጋ ነው፣ ዋጋ የሚሰቅሉትም ይህንኑ አውቀው ነው።

ማደሪያ ስል ሪቻርድ ሺርማን የሚባለው ጀርመናዊ መምህር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ኃይለኛ ዝናብ ያዛቸውና አንድ የመንደር ትምህርት ቤት ውስጥ አደሩ። ሰውየው በእረፍት ጊዜ ባዶ የሚቀሩት ትምህርት ቤቶች ለምን ለተጓዥ ወጣቶች ርካሽ ማደሪያ አይሆኑም ብሎ አሰበ፣ የወጣቶች ሆስቴል የሚባለው ነገር ከዚያ ሌሊት ተወለደ። እኔን ዝናብ ሲይዘኝ የሚታየኝ ዣንጥላ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. የ1948ቱ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም አንቀጽ 24 ላይ ደመወዝ የማይቋረጥበት እረፍት መብት ነው ይላል። ትኬቱን ማን እንደሚቆርጥ ግን አልጻፉም።

በዚያው ደግሞ ድሮ ያነበብኩት የኔዘርላንድ ጥናት መጣብኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ነው፣ ከ1,500 በላይ ሰው ጠይቀው። ለእረፍት የሚሄዱት ከማይሄዱት የበለጠ ደስተኛ ሆነው የተገኙት ሳይሄዱ በፊት ነው። ከተመለሱ በኋላ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፣ ጉዞው በጣም ዘና ያለ ከሆነላቸው በስተቀር። ከሁለት ልጅ ጋር ተጉዞ በጣም ዘና ያለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

እንግዲህ ጣፋጩ መጠበቁ ነው ማለት ነው። መጠበቅ ደግሞ አይከፈልበትም!

ይህን ብዬ ፈገግ እንዳልኩ አባዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

አባዬ በየዓመቱ "ዘንድሮስ ባሕር እንሄዳለን" ይለን ነበር። ወለሉ ላይ ካርታ ይዘረጋል፣ መንገዱን በእርሳስ ያሰምራል፣ የት ቆመን ምሳ እንደምንበላ ያሳየናል። እኔና እህቴ መስኮት አጠገብ ማን እንደሚቀመጥ ከወራት በፊት እንጣላለን። እኔ ዛጎል የምለቅምበት ጣሳ አዘጋጅቼ ነበር፣ በሚስማር ስሜን የጻፍኩበት። ትምህርት ሊከፈት ሲል አባዬ ካርታውን አጥፎ "ለሚመጣው ዓመት" ይላል። ባሕር አልሄድንም። አንድም ዓመት። ካርታው በመታጠፊያው ተቀደደ፣ ጣሳው የእማዬ አዝራር ማጠራቀሚያ ሆኖ ቀረ።

አልተቀየምኩትም። ቢያንስ እስከ ዛሬ ማታ እንዲያ ነበር የሚመስለኝ። ባሕር ያየሁት ሠላሳ ካለፈኝ በኋላ ነው፣ ለሥራ ተልኬ። ዳርቻው ላይ ቆሜ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ጣሳዬን።

ሰውየው ያንን ካርታ ሲዘረጋ እንደማንሄድ ያውቅ ነበር? ጥናቱን ሳያነብ የገባው ብልህ ነበር ወይስ ዓይናችንን እያየ የሚዋሸን? ወይስ እሱም እኛ ስንተኛ ይደምር ነበር? አሁን ሳስበው የጋዜጣው ጠርዝ ሁልጊዜ በቁጥር የተሞላ ነበር። ያኔ የሥራ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። እማዬን ብጠይቃት ትነግረኛለች። አልጠይቃትም።

ነገ ካርታ ልገዛ አስቤያለሁ። የወረቀቱን፣ ወለል ላይ የሚዘረጋውን። ከሄድን መንገድ እናይበታለን፣ ካልሄድን ደግሞ... ትልቁ ግን ነቄ ነው፣ እርሳሱን ሳነሳ ገና ያውቅብኛል።

ይህን ስጽፍ ከመኝታ ቤት ሳል ሰማሁ። ሰዓቱን ሳየው ሰባት ሊሆን ነው። ብርድ ልብሱ! ምስኪኗ ሚስቴ "መጣሁ" ካልኳት ሦስት ሰዓት አልፏል፣ ሻንጣውን ገና አልከፈትኩትም።