የእማዬ የእድር ደብዳቤ

ልጄ በተወለደች በማግስቱ እማዬ ከደሴ ደውላ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ካለችኝ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሰማንያዋ መቼ ይውላል?» ብላ ነው። አብረን ቆጠርን። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ተወልዳ ሐምሌ 9 ክርስትና ትነሳለች። «እንግዲያውስ እደርሳለሁ» አለችኝ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ እንደሚወጣ ሰው። እኔ ያለሁት ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው።

እሷ ስትል ቀላል ነበር። እኔ ግን ሆዴ ባር ባር አለ፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሞክረን ተከልክላለች። የዛሬ አራት ዓመት ግድም፣ ሌላ የአውሮፓ አገር ሳለሁ፣ ለሠርጌ ልጠራት አስቤ አዲስ አበባ ያለ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ጋ ሄድን። ሰውየው የእማዬን የባንክ ደብተር አይቶ «ይሄ አያስኬድም» አለን። ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገንዘብ አካውንቷ ውስጥ አስገባ፣ መግለጫው ወጣ፣ ገንዘቡም ወዲያው ወጣ። ፎርሙ ላይ ደግሞ ሥራዋን «ነጋዴ» ብሎ ሞላው። እማዬ ነግዳ አታውቅም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ በእሱ የጡረታ አበልና በራሷ እንጀራ ነው የኖረችው። እኔም አየሁት፣ ዝም አልኩ። ቪዛው ተከለከለ። የክልከላው ወረቀት ምክንያቶች በተርታ የተጻፉበት ፎርም ነው፤ ከእነሱ አንዷ ላይ ምልክት ተደርጎባታል፤ ቪዛው ሳያልቅ ከአገሩ ለመውጣት ያለሽ ሐሳብ ያጠራጥራል የምትለዋ።

እማዬን ያንን ተርጉሜ ስነግራት «እኔ? ቤቴን ትቼ የት ልቀር?» አለችኝ። ይህን ስታስብ ብዙ ጊዜ ኖራለች። ያሳፈረኝ ክልከላው አልነበረም። ስለ እሷ በተጻፈው ወረቀት ውስጥ እሷ አለመኖሯ ነው። የሚያውቃት ሰው ቢያነበው ማን እንደሆነች አይለይም ነበር።

ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ለእህቴ አንድ ነገር ብቻ አልኳት፤ ያላት ይጻፍ፣ የሌላት ይቅር። ደግሞም መደበቅ አይቻልም። አንድ ጊዜ የሼንገን ቪዛ፣ ማለትም የ29 የአውሮፓ አገሮችን የጋራ ቪዛ፣ ያመለከተ ሰው መረጃው፣ ክልከላውም ጭምር፣ በጋራ መዝገብ ላይ ለ5 ዓመት ይቀመጣል፤ 29ኙም አገሮች ያዩታል። በማመልከቻ ደብዳቤው ላይ የመጀመሪያውን ክልከላ ራሳችን አነሳነው፤ ያኔ የተሞላው ሥራ ስህተት እንደነበረም ጻፍን።

እማዬ ምን አላት? የደሴው ቤት ካርታ አለ። የጡረታው ደብተር አለ። አብረዋት የሚኖሩት የእህቴ ልጆች አሉ። ከሁሉ በላይ ግን እድሯ አለ። የሰፈሩ ሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ናት፣ ድንኳኑና ድስቱ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ካሉት ሁለት ቁልፎች አንዱ እሷ ጋ ነው። እህቴ የእድሩን ሰብሳቢ ደብዳቤ ጻፉልን ስትላቸው ሴትዮዋ በደስታ ጻፉ፤ አባል የሆነችበትን ዘመን፣ ኃላፊነቷን፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ለመስከረም ወር የሒሳብ ጉባኤያችን እንድትደርስልን እናሳስባለን» ይላል። ማኅተም ተመታበት፣ ተተረጎመ። እኔ ከሁሉም ሰነዶች ይበልጥ ያመንኩት ያንን ደብዳቤ ነው። ማንም ጉዳይ አስፈጻሚ ሊፈጥረው አይችልም።

ከስም ጋር ግን ታገልን። ለእኛ ግልጽ ነው፤ እኔ በአባቴ ስም እጠራለሁ፣ እማዬ በአባቷ። ለፈረንጅ ግን እናትና ልጅ አንድም የሚጋሩት ስም የላቸውም። የሚያገናኘን የልደት ምስክር ወረቀቴ ብቻ ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ የእማዬ ስም በላቲን ሲጻፍ ከፓስፖርቷ በአንድ ፊደል ይለያል። ለአንድ ፊደል እህቴ ወሳኝ ኩነት ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች። ወላጅ የምትጠሩ ሰዎች መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ፤ ፓስፖርቱንና የልደት ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ።

በእኛ በኩል ባለቤቴ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ ፈርፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ የሚሉትን የኃላፊነት ግዴታ ፈረመ። ክፍያው 29 ዩሮ ነው። የደመወዝ ወረቀትና የቤት ኪራይ ውላችንን አዩ። ይህ ፊርማ ቀላል አይደለም፤ እንግዳዋ ብትታመም፣ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነው ወጪ ቢመጣ ከፋዩ ፈራሚው ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ራሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የቪዛው ማመልከቻ 90 ዩሮ፤ ቢፈቀድም ቢከለከልም አይመለስም።

ቀጠሮ ያገኘነው ለግንቦት 27 ነበር። እማዬ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገባች። የሆነውን እህቴ በስልክ ነገረችኝ። ዶክመንቱ ሁሉ ታይቶ አለቀና አሻራ ላይ ቆመ። አራቱን ጣቶቿን መስታወቱ ላይ አስቀመጠች፣ ማሽኑ አላነበበም። አሻራ የምትወስደዋ ልጅ በእርጥብ ሶፍት ጠረገችላት። አሁንም እምቢ አለ። ክሬም ቀባችላት። «እማማ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» ብትላት እማዬ እጇን ገልብጣ አየችውና «እንጀራ ስጋግር፣ ጥጥ ስፈትል ነው የኖርኩት የኔ ልጅ፤ ምጣዱ በልቶት ነው» አለቻት። ልጅቷ የእማዬን ጣቶች አንድ በአንድ በራሷ እጅ ይዛ ተጫነችላት፤ በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ያዘ። ያቺን ልጅ አላውቃትም፣ እግዜር ይስጣት።

ደረሰኙን ስትሰጣቸው ነው «እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል» ያለቻቸው። እኔ የማውቀው 15 ቀን ነው። ለብዙ አገር ሰው 15 ነው። ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ጊዜው ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ምክንያቱ የተባለው የኢትዮጵያ መንግሥት እዚህ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመቀበል በኩል በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። መንግሥታት ባልተስማሙበት ነገር የደሴ እንጀራ ጋጋሪ 30 ቀን ተጨመረባት። ይህን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቆጠርኩ። ከግንቦት 27 በኋላ 45 ቀን ሐምሌ 12 ላይ ያርፋል። ክርስትናው ሐምሌ 9 ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት እንደሚቻል ያወቅሁት ያኔ ነው። ሆዴ ገና ሲገፋ መጀመር እችል ነበር። አንድም ሰው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እናንተ ግን ስድስቱን ወር ቆጥራችሁ ጀምሩ።

በየጠዋቱ ስልክ ላይ ነበርን። እማዬ ገንፎው በምን እንደሚገነፋ፣ አጥሚቱ ምን እንደሚገባበት በቪዲዮ ታሳየኛለች፤ እዚህ አንዲት ኤርትራዊት ጎረቤቴ ትሠራልኛለች። ቅቤ ልታመጣልኝ አስባ ነበር፣ የወተት ተዋጽኦና ሥጋ ወደ አውሮፓ ይዞ መግባት እንደማይቻል ስነግራት «ለአራስም?» አለችኝ።

ሐምሌ 9 ልጄ ተጠመቀች። ክርስትና እናቷ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ እማዬ ከደሴ አየች። መስመሩ ሁለቴ ተቋረጠ። ቄሱ ማተቡን ሲያስሩ ተቋርጦ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 11፣ ፓስፖርቷ ደረሰ። ውስጡ የ60 ቀን ቪዛ ተለጥፎበታል። እህቴ ስትነግረኝ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝና ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠሁት።

ሐምሌ 18 ማለዳ በቀጥታው በረራ ገባች። ድንበር ላይ ያለው ፖሊስ ምን እንዳላት አልገባትም። ፎልደሩን ሰጠችው፤ የእድሯን ደብዳቤ ትርጉም ከላይ አድርጉልኝ ብላ እህቴን አስቸግራ ነበርና መጀመሪያ ያየው እሱን ነው። አንብቦ ቀና ብሎ አያትና ማኅተሙን መታ። በሩ ሲከፈት ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጠርግ ነበር። ልጄን ተቀብላኝ እትፍ እትፍ ብላ መረቀቻት። ራሷ ፈትላ የገመደችውን ክር ከጉያዋ አወጣች። የቄሱን ማተብ አላወለቀችም፤ የሷን ከጎኑ አሰረችላት።

ፍልሰታን አብረን ጾምን፣ እንቁጣጣሽን አብረን ዋልን። አሥራ አራተኛው ቀን ላይ እዚያው ፍራንክፈርት ሆና ስለ እድሩ ሒሳብ መጨነቅ ጀመረች። እስከ መጨረሻው ቀን ቆይ ብዬ ለመንኳት። «የሰው ገንዘብ ይዤ?» አለችኝ። ቪዛዋ ሳያልቅ፣ መስከረም 7 ሸኘናት።

ፍተሻው በር ላይ ቆመን በሩቅ እናያታለን። ፈታሿ ወደ እማዬ አንገት ጠቆመች። እማዬ ከቀሚሷ ሥር ክር ጎትታ አወጣች፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ነው። ሁለቱን ወር ሙሉ አንገቷ ላይ ነበር፣ እኔም አላወቅሁም። ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው፣ ማሽኑ ዋጠው። እሷ አለፈች፣ ዞር አላለችም፤ ሳህኑ በዚያኛው በኩል እስኪወጣ ዓይኗን ሳትነቅል ቆማ ጠበቀች።