ራሱን የሚያጠፋው ማሞቂያ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተሰጠኝ የዕለቱ የመጨረሻ የሥራ ትእዛዝ አንድ መስመር ብቻ ነበረች፤ «የሳሎን ጋዝ ማሞቂያ፤ ይበራል፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ራሱ ይጠፋል» ትላለች። ቤቱ በሰሜን ለንደን ከሚገኙት አሮጌ የጡብ ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ እኔም በጋዝ ሠራተኝነት ከተመዘገብኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። በሩን የከፈቱልኝ ነጠላ የተከናነቡ ኢትዮጵያዊት እናት ነበሩ። ስሜን ከደረት ካርዴ ላይ አንብበው በአማርኛ «ግባ ልጄ፣ ብርድ ነው» ሲሉኝ የቀኑ ድካም ቀለለኝ።

ይህን ዓይነት ማሞቂያ ለማያውቅ አንባቢ አሠራሩን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የሆነው ሁሉ ከአሠራሩ ጋር የተያያዘ ነውና። በእንግሊዝ አገር አሮጌ ቤቶች ሳሎን ውስጥ በፊት የድንጋይ ከሰል ይነድበት የነበረ ምድጃ አለ። የጋዝ ማሞቂያው የሚገጠመው ከዚህ ምድጃ ፊት ነው። የምድጃው አፍ በቆርቆሮ ይከደንና ዙሪያው ሙቀት በሚችል ተለጣፊ ፕላስተር ይታሸጋል፤ የተቃጠለው አየር በቆርቆሮው ላይ በተተወው ቀዳዳ አልፎ በአሮጌው ጭስ ማውጫ ወደ ሰማይ ይወጣል። በእንዲህ ያለው ማሞቂያ ላይ አየሩን የሚገፋ ማራገቢያ የለም፤ ወደ ላይ የሚስበው የራሱ ሙቀት ብቻ ነው። ከማሞቂያው ሥር ደግሞ እኛ ፓይለት የምንላት ትንሽ ነበልባል ትነዳለች። ፓይለቷ ቴርሞካፕል የሚባለውን ቀጭን የብረት ዘንግ ጫፍ ታሞቃለች፣ ከሙቀቱም ጥቂት ሚሊቮልት ኤሌክትሪክ ይገኛል፣ ያ ኤሌክትሪክ የጋዙን ቫልቭ ከፍቶ ይይዛል። ፓይለቷ የክፍሉ አየር ኦክስጅን ሲያንሰው ነበልባሏ ከቴርሞካፕሉ እንዲርቅ ተደርጋ የተሠራች ናት፤ ያን ጊዜ ቴርሞካፕሉ ይቀዘቅዛል፣ ቫልቩ ይዘጋል፣ ማሞቂያው ይጠፋል።

መክደኛውን ከፍቼ ስመለከት ፓይለቷ ቢጫና ልፍስፍስ ሆና አገኘኋት። አየር የምትስብባት ቀዳዳ በአቧራና በምንጣፍ ብናኝ ተደፍና ነበር። አጸዳኋት፤ ነበልባሏ ሰማያዊና ቀጥ ያለ ሆነ። የጋዙን ግፊት ለካሁ፤ ልክ ነበር። ያገኘሁት ብልሽት እውነተኛ ብልሽት ነበር፤ ያሳሳተኝም ይኸው እውነተኛነቱ ነው። ምክንያት ፈልጌ ምክንያት ስላገኘሁ፣ ሁለተኛ ምክንያት ሊኖር ይችላል ብሎ ለመጠየቅ አእምሮዬ አልተዘጋጀም።

እማማ ቡና አፍልተው ስለነበር ተቀመጥኩ። ማሞቂያው ግማሽ ሰዓት ሳይጠፋ ሲነድ እያየሁ፣ ይህንኑ እንደ ፍተሻ ቆጠርኩት። የሳሎኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ጎረቤት ለቡና ይገባል፣ ይወጣል። በዚያ መካከል ሲኒውን እያቀበሉኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ዘንድሮ ራሴን ያመኛል ልጄ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ይተወኛል፣ ስመለስ ይብስብኛል። ዕጣኑም እንደ ድሮው አይደለም፤ ጭሱ ወደ ማሞቂያው ይሳብ ነበር፣ አሁን ፊቴ ላይ ይቆማል።»

እኔም «የዕጣኑ ከሰል ይሆናል እማማ፤ ሲያጨሱ መስኮት ከፈት ያድርጉ» ብዬ መለስኩላቸው። አገር ቤት ላደገ ሰው ይህ መልስ ቅርብ ነው፤ በተዘጋ ቤት የተቀመጠ ከሰል ምን እንደሚያደርግ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን ኖሯል። ከሰሉን የምናውቀውን ያህል ግን ጋዙን አናውቀውም። ጋዝ ጭሱ አይታይም፣ ጥላሸቱ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ስለዚህም ንጹሕ ይመስለናል። የአየር እጥረት ሲገጥመው የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከከሰሉ የሚወጣው ያው መርዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን የሚይዘው ደግሞ ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው። ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንቼ ጽፌዋለሁ። አንዲት እናት በገዛ ቋንቋዬ ምልክቱን አንድ በአንድ ሲዘረዝሩልኝ ግን ቡናዬን እየጠጣሁ አሳለፍኩት።

በአሥረኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከዚያው አድራሻ ሁለተኛ ጥሪ መጣ። አሁን ማሞቂያው ቶሎ አይጠፋም፤ ማታ በራቸውን ዘግተው ሲቀመጡ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ነድዶ ይጠፋል፤ ራስ ምታቱ ብሶ በዋዜማው አስመልሷቸዋል። ለአለቃዬ ሳነብለት ያቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ የጭስ ክብሪቱን ይዘህበታል ወይ? አልያዝኩበትም። ምንም ሳይጨምር የመኪናውን ቁልፍ አነሳና አብሮኝ መጣ። በመንገድ ላይ ስልክ ደውዬ ማሞቂያውን እንዲያጠፉ፣ መስኮቶቹን ከፍተው እኛ እስክንደርስ ጎረቤት ዘንድ እንዲቆዩ ነገርኳቸው።

የጭስ ክብሪት ፍተሻ ቀላል ነው። በርና መስኮት ሁሉ ይዘጋል፤ ማሞቂያው 5 ደቂቃ ያህል ይነዳል፤ ከዚያም የሚጨሰው ክብሪት በማሞቂያው የላይኛው ጠርዝ በኩል ይያዛል። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ መልካም ነው፤ ወደ ክፍሉ ከተመለሰ የተቃጠለው አየርም እንዲሁ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። በወጥ ቤት የአየር መሳቢያ ማራገቢያ ካለ፣ እርሱ ተከፍቶ ፍተሻው ይደገማል። ሁሉን ዘግተን ክብሪቱን ስንይዝ፣ ማራገቢያው ገና ሳይከፈት፣ ጭሱ ተጠቅልሎ ወደ ፊቴ መጣ። እማማ ስለ ዕጣኑ የነገሩኝ ቃል በቃል ይኸው ነበር።

ወዲያው አጠፋነው፤ በእኛ ደንብ ይህ «ወዲያውኑ አደገኛ» ከሚባለው መደብ ስለሚገባ የጋዝ መስመሩ ተቆርጦ ተደፈነ፣ «አደገኛ ነው፣ አትጠቀሙ» የሚለው ምልክትም ተንጠለጠለበት። አለቃዬ እማማ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሄደው ደማቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዳለበት እንዲመረመር አጥብቆ ነገራቸው፤ በጣት ላይ የሚደረገው ተራ የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ከኦክስጅን ለይቶ ስለማያውቅ ደህና ነዎት ሊላቸው ይችላልና። የወሰዳቸው ልጃቸው ማታ ደውሎ መርዙ በደማቸው እንደተገኘና ኦክስጅን እየተሰጣቸው መሆኑን ነገረኝ። በማግስቱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ማሞቂያውን ከቦታው አውርደን ቆርቆሮውን ስናነሳ፣ ከጀርባው ጭራሮ፣ የላባ ቁራጭና የተፈረፈረ የጡብ ልስን ወለሉን ሞልቶ የማሞቂያውን ጭስ መውጫ አንገት እስኪነካ ተከምሮ አገኘነው። በዚያ ቦታ ላይ ከአንገቱ በታች ቢያንስ 25 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ባዶ ስፍራ መኖር አለበት፤ የሚተወውም ከላይ የሚወርደው ፍርስራሽ ጭሱን ሳይዘጋ እንዲያርፍበት ነው። ጭራሮው የቁራ ዘመድ የሆነች አንዲት ወፍ ሥራ ነው፤ ይህች ወፍ በጸደይ ጎጆዋን በጭስ ማውጫ ውስጥ መሥራት ስትፈልግ፣ አንዱ ጭራሮ ቀርቅሮ እስኪቆምላት ድረስ ሌላውን ከላይ ትጥላለች። የቤቱ ዓመታዊ የጋዝ ፍተሻ የተደረገው በማርች ወር፣ ወፏ ሥራዋን ከመጀመሯ በፊት ነበርና በዚያ የፈረመውን ባለሙያ ልወቅሰው አልቻልኩም። የመርመር ዕድሉ የነበረኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት የሚመለስብኝ ግን ጭራሮው አይደለም። ፓይለቷ በቆሻሻ ደክማ በነበረች ጊዜ ማሞቂያው በሃያ ደቂቃ ይጠፋ ነበር፤ እማማም የሚተነፍሱት መርዝ በዚያው ይቆም ነበር። እኔ ፓይለቷን አጽድቼ ስሄድ፣ ጭስ ማውጫው እንደተዘጋ ማሞቂያው ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲነድ አቅም ሰጠሁት። ሥራዬን ባልሠራ ኖሮ ይሻላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. የ1998 የብሪታንያ የጋዝ ደህንነት ደንብ በአንቀጽ 26 ላይ፣ በማንኛውም የጋዝ መሣሪያ ላይ ሥራ የሠራ ሰው ወዲያውኑ የጭስ መውጫውን ብቃት፣ ለማቃጠያ የሚሆነውን አየር፣ የጋዙን ግፊት ወይም የሙቀት መጠን፣ እንዲሁም መሣሪያው ያለ አደጋ መሥራቱን እንዲመረምር ያዛል። የመጀመሪያውን ትቼ ሦስተኛውን ብቻ አድርጌያለሁ፤ አንዷን ቀዳዳ ማጽዳት ለእኔ «ሥራ» ስላልመሰለኝ ነው።

ጥገናው ሁለት ቀን ወሰደ። የጭስ ማውጫ ጠራጊ መጥቶ ከላይ እስከ ታች ጠረገው፤ ጣሪያው ላይ ወፍ የማያስገባ የሽቦ ቆብ ተገጠመ። በሥሩ የጭስ እንክብል ለኩሰን ውጭ ወጥተን ጭሱ በትክክለኛው ጭስ ማውጫ ብቻ ሲወጣ አየን፤ ጎረቤት ቤት እንዳልገባም አረጋገጥን። ቆርቆሮው በአዲስ ፕላስተር ታሸገ፣ ማሞቂያው ተመለሰ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ግድግዳው ላይ ሰቀልን። በእንግሊዝ አከራዮች እንዲህ ያለ ማሞቂያ ባለበት ክፍል ማስጠንቀቂያውን እንዲያኖሩ የተገደዱት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ ያለ እርሱ መኖር የተለመደ ነበር።

በመጨረሻ ሁሉን ዘግተን፣ የወጥ ቤቱንም ማራገቢያ ከፍተን ክብሪቱን ያዝኩ፤ ጭሱ ሳይወላውል ወደ ውስጥ ገባ። እማማ ከኋላዬ ቆመው ሲመለከቱ ቆይተው፣ ማጨሻቸውን አምጥተው ከማሞቂያው አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጡና ዕጣን ጣል አደረጉበት። ጭሱ ጥቂት ቀጥ ብሎ ከወጣ በኋላ ወደ ማሞቂያው ዘመም አለ። «አየኸው ልጄ?» አሉኝ፤ «እንዲህ ነበር ስልህ የነበረው።»