በቅንፍ የታሰረ ሳቅ

የተቀረጸ ቃለ ምልልስ እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ እንጀራዬ ነው። ተናጋሪው ሲስቅ በቅንፍ «ሳቅ» ብላችሁ እለፉ ይላል መመሪያችን። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፍኩ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ስለሞተ ልጃቸው ሲያወሩ ድንገት ሳቁ። እኔም «ሳቅ» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ሳርመው ወረቀቱ ላይ ጨካኝ ሴት ሆነው አገኘኋቸው። ድምፁን መልሼ ሰማሁት። አጭር፣ ደረቅ፣ ከጉሮሮ ያላለፈ ነገር ነበር። ማሽላ እያረረ ይስቃል የሚባለው ይኸው ነው። እሳት ላይ ሲፈነዳ ነጭ ሆዱ ይገለጣል፤ ለሚያየው ጥርስ ይመስላል። ይህን ሁሉ ያየ ቋንቋ እያለኝ የእናትየዋን ሐዘን በአንድ ቃል ቀበርኩት።

ከዚያ ወዲህ ሳቅ ስሰማ ቴፑን አቆማለሁ። ከት ያለው አንዴ ፈንድቶ ያበቃል። ከትከት ያለው ይቀጥላል። የተንከተከተው ማቆም አቅቶታል፤ ድስት ሲፈላ ይንተከተካል፣ ሰው ሲስቅ ይንከተከታል፣ ፊደላቱ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ግለቱ አንድ ነው። «ገለፈጠ» የሚለውን ግን አልጽፍም። ቃሉ የሚናገረው ስለ ሳቁ ሳይሆን ስለ ሰሚው ንቀት ነው። «ምን ያስገለፍጥሃል?» የተባለ ልጅ ሳቁን ሳይጨርስ ይሳቀቃል።

ስቅስቅስ? ለጆሮ የሳቅ ዘመድ ነው፤ ግን ስቅስቅ ብሎ የሚያለቅስ እንጂ የሚስቅ ሰምቼ አላውቅም።

«ሳቀ» በግእዝ መሐሉ ላይ ሐ አለው። እኛ ዘንድ ጠፋ፤ ይስሐቅ በሚለው ስም ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አለ። ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ላይ ሣራ ልጅ ትወልጃለሽ ስትባል የሳቀችው በልቧ ነው፤ ኋላም ፈርታ አልሳቅሁም አለች። ድምፅ ያልወጣውን ሳቅ እንኳ ጸሐፊው ለይቶ መዝግቦታል። እኔ ድምፁ በጆሮዬ እያለ ለምን አቅቶኝ?

በእናትየዋ ጽሑፍ ላይ ቅንፉን «እያረሩ ሳቁ» ብዬ ላክሁት። «ሳቅ» ተብሎ ታርሞ ተመለሰልኝ። ዛሬ ጠዋት እንደገና «እያረሩ ሳቁ» ብዬ ልኬዋለሁ።