ለላንድክሩዘር ፖርቶመጋላ ማሠራት፦ ልኩ፣ ብረቱና የሚላላበት ምክንያት

መኪናው ባለ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ነው። ጣሪያው ግራና ቀኝ የዝናብ አሸንዳ ስላለው መብሳት አያስፈልግም፤ ፖርቶመጋላው (ጣሪያ ላይ የሚገጠመው የዕቃ መጫኛ) አሸንዳውን ነክሶ ይቆማል። አሸንዳ የሌላቸው አዳዲስ መኪኖች ሌላ ዓይነት እግር ይፈልጋሉ።

ብየዳውን ያሠራሁት ቡራዩ ነው። ልኩ 180 በ125 ሳንቲም ሲሆን 25 በ25 ሚሊሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ቱቦላሬ (ባለአራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) አራት ዘንግ በቃው። አንዱ ዘንግ 6 ሜትር ነው። የላይና የታች ዙሪያው 12 ሜትር ያህል፣ ስድስቱ አግዳሚ 7.5 ሜትር ወሰደ፤ የተረፈው ለአጫጭር ቋሚዎችና ለእግሮቹ ሆነ። ሁሉም ተገጥሞ 30 ኪሎ ግድም ይመዝናል። በያጆች “ባለ2 ሚሊ ይሁን፣ ይጠነክራል” ማለት ይወዳሉ። መጠንከሩ እውነት ነው፣ ግን 8 ኪሎ ይጨምራል፤ ያ 8 ኪሎ ደግሞ ከሚጫነው ዕቃ ላይ ይቀነሳል።

ቀጭን ቱቦላሬ በባለ3.2 ሚሊ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ሲበየድ ይበሳል። ባለ2.5 ይዞ አምፔሩን 60 እና 70 መካከል ማውረድ ይሻላል። መጀመሪያ ማዕዘኖቹ በነጥብ ብቻ ይያዙ፤ ከዚያ አንዱን ጥግ በይዶ በሰያፍ ወደ ተቃራኒው መሄድ ነው። በአንድ ወገን ተጀምሮ ከተጨረሰ ብረቱ ይጣመምና ከስድስቱ እግር አንዱ አየር ላይ ይቀራል። ብየዳውም ግራይንደሩም መሬት ላይ እንጂ መኪናው ላይ አይሠራም። ፍንጣሪው መስታወት ላይ ይጣበቃል፣ ቀለሙ ላይ ካረፈ ደግሞ በሳምንቱ የዝገት ነጥብ ይሆናል።

የሥራው ዋናው ነገር ያለው እግሮቹ ላይ ነው። ሦስት በግራ፣ ሦስት በቀኝ፤ የሚያርፉትም በተቻለ መጠን በበሮቹ መሃል ባሉት የመኪናው ቋሚዎች አናት ላይ ነው፣ ምክንያቱም በቋሚዎቹ መካከል ያለው አሸንዳ ብቻውን ይታጠፋል። የአሸንዳው ቅርጽ ፊት ላይና ኋላ ላይ አንድ ስላልሆነ ለእያንዳንዱ እግር ካርቶን ቆርጬ ልክ አወጣሁ። ንክሻው፣ ማለትም አሸንዳውን የሚይዘው የእግሩ ጫፍ፣ ከ4 ሚሊ ላሜራ ተቆረጠ፤ ለአንድ እግር ሁለት ባለ8 ሚሊ ቡሎን፣ በድምሩ 12 ቡሎን፣ በንቅናቄ እንዳይፈታ ናይለን ያለው 12 ዳዶ፣ 24 ሮንዴላ። በታችኛው አግዳሚና በጣሪያው መካከል 5 ሳንቲም ክፍተት ተውኩ፤ ጣሪያው ሲንቀጠቀጥ እንዳይነካ፣ እጅም ገብቶ እንዲያጥብ።

የተሳሳትኩት ላስቲኩ ላይ ነው። ቀለሙ እንዳይፋቅ ብዬ የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ደርቤ ከንክሻው ሥር አደረግኩ። እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበው የሱሉልታ ፒስታ ላይ ላስቲኩ ተጨመቀ፣ ቡሎኖቹም ላሉ። ዳዶው አልዞረም፤ ያነሰው የላስቲኩ ውፍረት ነው። ስለዚህ ናይለን ያለው ዳዶም ቢሆን ከዚህ አያድንም። አሁን ያለው ያልተደረበ፣ ጠንካራ፣ 2 ሚሊ ላስቲክ ነው። ቡሎኖቹ በ13 ቁጥር ኪያቤ ከግራ ወደ ቀኝ እየተሻገሩ በጥቂት በጥቂቱ ይታሰራሉ፤ አጭር ኪያቤ ይበቃል፣ ቱቦ ቀጥሎ መጫን አሸንዳውን ያጥፈዋል። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያም ከ500 በኋላ እንደገና ማየት ግድ ነው።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት በቱቦላሬው ሥር ባለ5 ሚሊ ቀዳዳ ያስፈልጋል፣ ካልሆነ የክረምት ውሃ ውስጥ ተኝቶ ከውስጥ ያዝገዋል። ሁለት ጊዜ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ)፣ ከዚያ ቀለም።

የጣሪያው አቅም የሚገኘው በመኪናው መመሪያ ላይ ነው፤ ከእሱ ላይ የፖርቶመጋላው 30 ኪሎ ይቀነስ። ለአስፋልት የተሰጠን ቁጥር ለፒስታ በ1.5 ማካፈል የተለመደ ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ፣ 20 ሊትር ናፍጣ 17 ኪሎ ግድም፣ ትርፍ ጎማ ከነቸርኬው ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ጎማውን ወደ መሃል አስተኝቶ፣ ቀላል የሆነውን ድንኳንና ፍራሽ ዳር ማድረግ ነው። ናፍጣውን እኔ ጣሪያ ላይ አላወጣውም።

አዲሱን ቁመት ከመሬት ለክታችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉት። የእኔ በ20 ሳንቲም ግድም ጨምሯል፤ የምድር ቤት ፓርኪንግ በር ላይ የሚታወሰው ዘግይቶ ነው።