በእንቁራሪት ቆዳ ላይ ሁለት ሆርሞኖችን እንዴት እንደለየኋቸው

እንቁራሪት ውሃ በአፏ አትጠጣም፤ በቆዳዋ ነው የምትስበው። የምትኖርበት ኩሬ ውስጥ ያለው ጨው ግን ከደሟ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ሶዲየም ከሰውነቷ ወጥቶ እንዳያልቅ ከዚያ ውሃ ውስጥ እየለቀመች ማስገባት አለባት። ሥራው የቆዳዋ ነው፤ አፍጥን ብለው የሚያዙት ደግሞ ሆርሞኖች። ለመመረቂያ ጽሑፌ የያዝኩት ጥያቄ አጭር ነበር፦ ቫሶቶሲንና አልዶስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች ሁለቱም የሶዲየሙን ጉዞ ያፋጥናሉ፤ ታዲያ በምን ይለያያሉ?

መለኪያው ኡሲንግ ቻምበር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከዴንማርካዊው ሃንስ ኡሲንግ ነው። ሁለት ክፍል አለው። ቆዳው መሀል ላይ ይወጠራል፤ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት የሪንገር ፈሳሽ (ጨውነቱ ከደም ጋር የሚቀራረብ ውሃ) ይሞላል። ቆዳው ጤነኛ ከሆነ በውስጥና በውጭ መካከል በአስር ሚሊቮልቶች የሚቆጠር ልዩነት ይታያል፤ ውስጡ ፖዘቲቭ ነው። ከዚያ ከውጭ ከረንት እየሰጡ ልዩነቱን ዜሮ ማድረግ ነው። ፈሳሹ በሁለቱም በኩል እኩል፣ ቮልቴጁ ዜሮ ሲሆን ሶዲየሙን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፋ ነገር ከቆዳው የራሱ ጉልበት በቀር አይኖርም። ኡሲንግና ዜራን በ1951 (እ.ኤ.አ.) በራዲዮአክቲቭ ሶዲየም ለክተው ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ የሚሰጠው ከረንት ወደ ውስጥ ከሚገባው የተጣራ ሶዲየም ጋር እኩል ሆነ። ማይክሮአምፔር እያነበብክ ሶዲየም ትቆጥራለህ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ በፊዚዮሎጂ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ዘዴ አላየሁም።

ከእንቁራሪት እንቁራሪት ልዩነቱ ሰፊ ነው። የአንዷ ቆዳ ምንም ሳይጨመርበት የሌላዋን እጥፍ ከረንት ይሰጣል። ስለዚህ የአንዷን የሆድ ቆዳ ለሁለት ከፍዬ አንዱን ግማሽ ለሆርሞኑ፣ ሌላውን ለኮንትሮል፣ ማለትም ሆርሞን ሳይነካው ለማነጻጸሪያ፣ አደርግ ነበር። አልዶስትሮን የሚሟሟው በኢታኖል ስለሆነ ኮንትሮሉም ያችኑ ጠብታ ኢታኖል ይጠጣል። ቻምበሩ የሚጨብጠው የቆዳው ጠርዝ ከተጎዳ ጨው በዚያ በኩል ያፈስሳል። ስለዚህ ቆዳው ለከረንት ያለው መቋቋም መጀመሪያውኑ ዝቅ ካለ ያንን ቁራጭ አልጠቀምበትም።

ቫሶቶሲን ትዕግሥት አይጠይቅም። ከውስጥ በኩል ስጨምረው በደቂቃዎች ውስጥ ከረንቱ ሽቅብ ይላል። በውጭው በኩል ቢደፉት ግን ዝም ነው፤ የሚቀበለው ሞለኪውል ያለው በደም በኩል ባለው የሴሉ ገጽ ላይ ነውና። ከዚያ በሴሉ ውስጥ የሆርሞኑን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ሞለኪውል፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ፣ ይጨምራል፤ በውጭው ገጽ የሶዲየም ቀዳዳዎች ይበዛሉ፣ ይከፈታሉ። ሆርሞኑ ሲታጠብ ከረንቱም ይወርዳል።

አልዶስትሮን ሌላ ዓለም ነው። ይጨመራል፤ ምንም የለም። ሻይ ተጠጥቶ ይመለሳሉ፤ አሁንም ምንም። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው የሆርሞኑ መስመር ከኮንትሮሉ ቀስ እያለ መለየት የሚጀምረው፤ ከዚያ ለሰዓታት ይወጣል። መዘግየቱ መልሱን ይዟል። አልዶስትሮን ሴሉ ውስጥ ገብቶ ጂን ያስነብባል፤ አርኤንኤ ይሠራል፤ ከዚያ ፕሮቲን። አርኤንኤ እንዳይሠራ የሚያግደው አክቲኖማይሲን ዲ ቀድሞ ከተሰጠ የአልዶስትሮን ውጤት ይጠፋል፤ ቫሶቶሲን ግን አሁንም ይሠራል። ቫሶቶሲን ተጋግሮ መሶብ ውስጥ ያለውን እንጀራ አውጥቶ ያቀርባል፤ አልዶስትሮን ሊጥ ከማቡካት ይጀምራል። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል፤ አልዶስትሮን መጀመሪያ ከሚያሠራቸው ፕሮቲኖች አንዱ ኤስጂኬ1 ነው፤ እሱም አዲስ ቀዳዳ ሳይሆን ያሉት ቀዳዳዎች ቶሎ ተነስተው እንዳይወገዱ የሚጠብቅ ነው።

አንድ የተማርኩት ነገር ቢኖር ለአልዶስትሮን ቆዳውን ማዘጋጀት ከሙከራው እንደሚበልጥ ነው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ የቆየች እንቁራሪት ጨው ስለሚጎድልባት የራሷ አልዶስትሮን ቀድሞ ከፍ ብሏል፤ ብትጨምርላትም ብዙ ለውጥ አታሳይም። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ስትሰነብት ግን የራሷ ይወርዳል፤ የምትሰጣትም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለተኛው ነገር ስንቅ ነው። ለረጅም ሰዓት ፈሳሽ ውስጥ የቆየ ሕብረ ሕዋስ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ግሉኮስ ወይም ፓይሩቬት ካልተሰጠው አልዶስትሮን ቢያዘውም አቅም የለውም። ይህ ቀድሞ በጉርጥ የሽንት ፊኛ ላይ የታወቀ ነገር ነው። ሌሊቱን ለሚያድር ሙከራ ደግሞ አንቲባዮቲክ ግድ ነው፤ አለበለዚያ ጠዋት የምትለካው ባክቴሪያ ነው።

የቆዳው አስቸጋሪ ጠባይ አለ። አልዶስትሮን የላይኛውን የሞተ ንጣፍ ያስገፍፋል፤ ቻምበሩ ውስጥ ስስ ነጭ ሽፋን ሲላቀቅ በዓይን ይታያል። ያኔ ከረንቱን የለወጠው የሶዲየሙ መንገድ ይሁን የንጣፉ መገፈፍ ማምታታቱ አይቀርም። በዚያ ላይ ቆዳው እጢዎች አሉት፤ አድሬናሊን ሲነካቸው ክሎራይድ ያወጣሉ፤ ያም እንደ ከረንት ይነበባል።

ለዚህ መድኃኒቱ አሚሎራይድ ነው። ሁልጊዜ ሙከራዬን የምዘጋው እሱን በውጭው በኩል በመጨመር ነበር። የሶዲየም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ መስመሩ በሰከንዶች ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። የወረደው የሶዲየም ድርሻ ነው፤ የቀረውን ሌላ ነገር ነው ብሎ ማስቀመጥ። ከውስጥ በኩል ያለውን፣ ሶዲየሙን ከሴሉ ወደ ደም በኩል የሚገፋውን ፓምፕ ማቆም ሲያስፈልግ ደግሞ ዋባይን አለ፤ አገራችን ውስጥ መረንዝ በሚባለው መርዛማ ተክል ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ከታጠበም በኋላ ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ብቻ።

አሁን ብጀምር ለአልዶስትሮኑ ክፍል ቆዳ አልመርጥም። የጉርጥ ፊኛ የሚገፈፍ ንጣፍ የለውም። ኤ6 የሚባሉት፣ ከአፍሪካዊቷ እንቁራሪት ዜኖፐስ ኩላሊት የመጡት ሴሎች ደግሞ በማጣሪያ ላይ ይበቅላሉ፤ እንስሳም መግደል አያስፈልግም። ለቫሶቶሲን ግን ቆዳዋን አልለቅም፤ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ትሰጣለች።