ማድ ቤቴ ሲቃጠል ካሳውን እንዴት እንደተቀበልኩ

እኔ ከማውቃቸው ሰዎች ቤቱን ወዶ ኢንሹራንስ ያስገባ የለም። ባንክ ለብድር ካርታ ሲይዝ «ኢንሹራንስ ግባ» ይላል፣ ይገባል። እኔም የገባሁት እንደዚሁ ነው። እኛ ደብረ ማርቆስ ለክፉ ቀን ብለን የምናስበው እድርን ነው። እድር ግን ቀብር ያስፈጽማል እንጂ ማድ ቤት አይሠራም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ጓሮ ያለው ማድ ቤት በእሳት ተያያዘ። እንጀራ እየተጋገረ ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው በባሕር ዛፍ አጣና ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። እንደ ጧፍ ነው የነደደው። ከጎኑ ካሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አንዱን ይዞት ሄደ። ጎረቤቱ በጀሪካን ውሃ፣ በአካፋ አፈር ተረባርቦ ዋናውን ቤት አተረፈልን። ሰው አልተጎዳም።

እሳቱ እንደጠፋ ወዲያው ጽዳት ልትጀመር ነበር። ጎረቤት እግዜር ይስጠውና፣ ያዘነለትን ሰው ግቢ አመድ ሞልቶት ማየት አይችልም። አማቴ መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል። «እማማ፣ ትንሽ ይቆዩኝ» አልኳቸውና ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመርኩ። ከግቢው በር ተነስቼ ወደ ውስጥ፣ ሳላቋርጥ፣ እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ እየጠራሁ። «ይሄ ፍሪጁ ነው፣ ይሄ ምጣዱ ነው፣ ይሄ የዱቄት በርሜሉ ነው።» ሰው ያበድኩ መስሎት ያየኛል። የፍሪጁን ጀርባ አዙሬ የሞዴል ቁጥሩ ያለበትን ሳህን ሳይቀር አነሳሁ። በኋላ ኢንሹራንሱ የላከው ጉዳት ገምጋሚ ሲመጣ ክርክር ከቀነሱልኝ ነገሮች አንደኛዋ ያቺ ፎቶ ናት።

ምንም አትንኩ ማለት ግን ዝናብ ይምታው ማለት አይደለም። ጉዳቱ እንዳይብስ መከላከል የባለቤቱ ግዴታ ነው፣ ውሉም ይላል። ክረምቱ እየገባ ስለነበር የተረፈውን ክፍል በሸራ አለበስነው። የሸራውንና የገመዱን ደረሰኝ አስቀመጥኩ። ሰዎች ይሄን ደረሰኝ ንቀው ይጥሉታል። እኔ ከጥያቄዬ ጋር አያይዤ አስገባሁት፣ ተቀበሉኝ።

ቀጥሎ ማሳወቅ ነው። አዲስ የንግድ ሕግ 2013 ላይ ቢወጣም የመድኑ ክፍል አሁንም የ1952ቱ ነው። እሱ ደግሞ አደጋ ሲደርስ እንዳወቁ ወዲያው፣ ቢበዛ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው አሳውቁ ይላል። ስለዚህ በዚያው ዕለት ደወልኩ፣ በማግስቱ ደብዳቤ ጽፌ ቅርንጫፉ ድረስ ወሰድኩ። ደብዳቤው አጭር ነው፤ የፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውሉ) ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንደተቃጠለ። ሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ በአንዱ ላይ የገቢ ማህተም አስመታሁ። ስልክ ብቻ አይበቃም። ኔትወርክ እዚህ አካባቢ መቼ እንደሚኖር መቼ እንደማይኖር አይታወቅም፣ «ደውዬ ነበር» ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። መንገድ ተዘግቶ ወይም ስልክ ጠፍቶ ከዘገያችሁ ምክንያቱን ደብዳቤው ላይ ጻፉት፤ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሕጉም ያየዋል።

ፖሊስ ጣቢያ አስመዘገብኩ፣ የማስረጃ ደብዳቤ ጠየቅኩ። ባንኩም ጋ ሄድኩ። ፖሊሲው ላይ የካሳው ተጠቃሚ ተብሎ የተጻፈው ባንኩ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ለጥገና ለእኔ ቢከፈል አልቃወምም የሚል ደብዳቤ ያስፈልጋል። ይሄን መጨረሻ ላይ ያስታወሰ ሰው ቼኩ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል እንጂ አይወስደውም። ቀድሞ ማስጻፍ ነው።

የጉዳት ማሳወቂያ ቅጹ ላይ «የአደጋው መንስኤ» የምትል ባዶ መስመር አለች። እዚች ጋ ብዙ ሰው መርማሪ መሆን ያምረዋል። እኔ የጻፍኩት ያየሁትን ነው፤ «እንጀራ እየተጋገረ ሳለ ከምጣዱ አጠገብ ካለው ግድግዳ ጭስ ታየ፣ ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ተዘጋ።» ሶኬቱ ነው፣ ገመዱ ነው፣ ኃይሉ በዝቶ ነው አላልኩም። ያን የሚለው ባለሙያ ነው። ግምታችሁ ከባለሙያው ሪፖርት ጋር ከተጋጨ እናንተን ለማስረዳት ነው ጊዜው የሚሄደው።

ገምጋሚው ከባሕር ዳር መጣ። ወጣት መሐንዲስ ነው፣ ሜትርና ደብተር ይዟል። ሰው «እነሱ የሚመጡት ለመቀነስ ነው» ብሎኝ ስለነበር ባለቤቴ ፊቷን አጥቁራ ነው የተቀበለችው። ቡና ከቀረበ በኋላ ሁሉም ተረጋጋ። ልጁ ሥራውን ያውቃል። ያልተቃጠለውን የቆርቆሮ ጫፍ በጣቱ ይዞ አጠፍ አደረገውና፣

«ጋሼ፣ ይሄ 32 ጌጅ ነው አይደል?»

«ማድ ቤቱ 32 ነው። ክፍሉ ግን 28 ነው፣ ደረሰኝ አለኝ» አልኩት።

ደረሰኙን አይቶ ቆርቆሮውን ለየብቻ መዘገበው። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ 28 ወፍራሙ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። የሚከፈለው የነበረው ዓይነት ነው። ጭቃ የነበረውን በብሎኬት እሠራለሁ ብትሉ ልዩነቱ ከኪሳችሁ ነው። በዚህ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ከዚያ ፕሮፎርማ ከተለያዩ ሱቆች ሰበሰብኩ። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ዝርዝር እንዲጻፍ አደረግኩ፤ አንዱ «ቆርቆሮ» ሌላው «ቆርቆሮ 28 ጌጅ» ካለ ማወዳደር አይቻልም። ዋጋው የሚጸናበትን ቀንም አስጻፍኩ። የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሠራም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ልምጣ። ካሳ የሚበላሸው አደጋው የደረሰ ቀን አይደለም፣ ፖሊሲው የታደሰ ቀን ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ የቆርቆሮው፣ የብረቱ፣ የሲሚንቶው ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም አይተናል። ፖሊሲው ግን በድሮው ዋጋ ነው የሚታደሰው፣ እናንተ ካልተናገራችሁ ማንም አይቀይርላችሁም። እኔ በቀጣዩ እድሳት መሐንዲስ አስገምቼ የቤቱን ዋጋ አስተካከልኩ። ቦታውን አይጨምርም፤ መሬት አይቃጠልም። አረቦኑ፣ ማለት ለኢንሹራንሱ የምከፍለው፣ ሲጨምር ባለቤቴ «ለማን ብለህ ነው?» ብላኝ ነበር።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ቤቱን ዛሬ መልሶ ለመሥራት 3 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል እንበል። ፖሊሲው ላይ ያለው 1.5 ሚሊዮን ነው። በኢንሹራንሱ ዓይን ግማሹን አደጋ የተሸከማችሁት ራሳችሁ ናችሁ። የ400 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ የሚሰላው 200 ሺህ ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ ውሉ ለእናንተ የተወው ድርሻ ይቀነሳል። «ጉዳቴ እኮ ከ1.5 ሚሊዮን በታች ነው» ማለት አያዋጣም። ደንበኛና ኩባንያ የሚጣሉት በአብዛኛው እዚህች ጋ ይመስለኛል፣ ጥፋቱን ደግሞ ሁሌ በኩባንያው ማሳበብ አይቻልም። በተቃራኒው ዋጋ አጋንኖ ማስመዝገብም ትርፍ የለውም። የሚከፈለው የደረሰው ጉዳት ነው፣ የምታገኙት ትልቅ አረቦን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ስሌት ሲደርሰኝ የኮርኒሱና የኤሌክትሪክ መስመሩ ሥራ አልነበረበትም። አልጮህኩም። ፎቶውን ቁጥር ሰጥቼ፣ ከፕሮፎርማው መስመር ጋር አገናኝቼ በደብዳቤ መለስኩ። ተጨመረ። የእርጅና ቅነሳው ላይ ግን ውሉ ግልጽ ስለነበር ተውኩት። ባትስማሙ ኩባንያዎቹን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ ቅሬታ ይቀበላል። ፍርድ ቤት የምታስቡም ካላችሁ፣ የመድን ጥያቄ በ2 ዓመት ውስጥ ካልከሰሳችሁ በይርጋ ይታገዳል፤ በሽማግሌ እየተመላለሳችሁ እንዳያልፋችሁ። ገንዘቡ ሲዘጋጅ የሚቀርበው የመቀበያ ሰነድ «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ» ይላል። የጎደለ ነገር ካለ ከፊርማው በፊት ነው የሚነገረው።

የከበደኝ የተከራዬ ነገር ነው። አንድ ወጣት አስተማሪ ነው፣ አልጋውና ልብሱ ሁሉ ተቃጥሏል። «ጋሼ፣ የኔስ?» አለኝ። የኔ ውል የኔን ቤትና በዝርዝር ያስመዘገብኩትን የኔን ዕቃ ነው የሚያውቀው። የእሱ ዕቃ የሚካተተው እሱ በስሙ ሲገባ ነው። ሰፈሩ አዋጥቶ አልጋ ገዛለት፣ እኔም ኪራይ ተውኩለት። አሁን አዲስ ተከራይ ሲመጣ ይሄን ቀድሜ እነግራለሁ።

ሌሎቹን አደጋዎች በአጭሩ። መሠረታዊው ሽፋን እሳትና መብረቅ ነው። ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ ያላችሁ መብረቅን አትንቁት። ነፋስ ጣሪያ ቢያነሳ፣ ጎርፍ ቢገባ፣ ቧንቧ ቢፈነዳ በተጨማሪ ክፍያ ካላስገባችሁት የለም። ጣና ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ያላችሁ ጎርፉን ጠይቁ። ስርቆት ሌላ ፖሊሲ ነው፣ እሱም ሰብሮ መግባትን ነው የሚጠይቀው። ቡሬ ያለ የአክስቴ ልጅ ቴሌቪዥኑ ሲሰረቅ ቁልፉን ከመቀየሩ በፊት የተገነጠለውን ማጠፊያ ፖሊስ እስኪያየው ጠበቀ። ያ ማጠፊያ ባይኖር ኖሮ ጥያቄው ተቀባይነት አያገኝም ነበር። በግጭትና በሁከት የሚደርስ ጉዳት ደግሞ ለብቻው የሚገዛ ሽፋን ነው፤ በእኛ አካባቢ ሁኔታ ይሄን ሳይጠይቁ መፈረም አይገባም።

ማድ ቤቱን በካሳውና ከኪሴ በጨመርኩት ሠራነው። ቁፋሮውና ድንጋይ ማጋዙ በወንፈል ነው ያለቀው። ካሳ ሲከፈል በፖሊሲው ላይ ያለው ገንዘብ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ እስከ እድሳት ድረስ የሚቀረው ቀሪው ብቻ ነው። ስለዚህ ለቀሩት ወራት የሚደርሰውን አረቦን ከፍዬ ወደ ነበረበት አስመለስኩት። ግድግዳው አሁን ብሎኬት መሆኑንም አብሬ አስመዘገብኩ።